የከረመ በረዶ ፍለጋ፦ የመጸው ስኪ ታሪክ በካስኬድ ተራሮች

የካስኬድ ተራሮች ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተነሥተው፣ በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች አቋርጠው እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ ይዘልቃሉ። በሰንሰለቱ መካከል እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ከፍታዎች ለየብቻቸው ጎልተው ይታያሉ፤ ቤከር 3,286 ሜትር፣ ሬኒየር 4,392፣ አዳምስ 3,743፣ ሁድ ደግሞ 3,429 ሜትር ይደርሳሉ። ሬኒየርን በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ሰማዩ በጠራ ቀን ከሰፈራቸው ሆነው ያዩታል። በእነዚህ ተራሮች ላይ ስኪ በዓመቱ ውስጥ የሚቋረጥበት ወር የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚከብዱት ግን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ናቸው። ያን ጊዜ የአምናው በረዶ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና አልጣለም፤ ቢጥልም አይጸናም። ሊፍት በሌለበት ተራራ በእግሩ ወጥቶ በስኪ ለሚወርድ ሰው የመጸው ዋና ሥራ መንሸራተቱ ሳይሆን የከረመ በረዶ የት እንዳለ ማወቁ ነው። ይህ እውቀት የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከመንገድ ሥራ፣ ከነፋስ አቅጣጫና ከበረዶ ግግር መሳሳት ጋር የተያያዘ ነው።

ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራሮቹን ለመሻገር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና የያዘውን ውኃ ያራግፋል። በሬኒየር ደቡባዊ ገጽ፣ 1,645 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ፓራዳይዝ የተባለ ቦታ በአማካይ በዓመት 16 ሜትር ያህል በረዶ ይወርድበታል። ከ1971 እስከ 1972 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) 28.5 ሜትር ተለክቶበት ነበር። ያንን ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያው ሰንሰለት ላይ ያለው የቤከር ስኪ ማዕከል ነው፤ በ1998 እና 1999 መካከል 29 ሜትር ገደማ ወረደበት። ሆኖም ብዙ የወረደበት ቦታ ሁሉ ብዙ ይቆይበታል ማለት አይደለም። ፓራዳይዝ ራሱ በኦገስት ወር አበባ የለበሰ መስክ ነው። የብርድ ወራት ማዕበል በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ነፋሱ በረዶውን ከአንዱ ገጽ ጠርጎ ከጫፉ ባሻገር ባለው ከለላ ይከምረዋል። በዚህ ምክንያት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉ ጎድጓዶች ከወረደባቸው በላይ ይጠራቀምላቸዋል፤ ፀሐይም እምብዛም አታገኛቸውም። ከገደል ሥር ያለ ቦታ ደግሞ የበረዶ ናዳ ሲያራግፍበት ስለሚከርም ክምችቱ በመስከረም እንኳ አያልቅም። ከፍታም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ከፓራዳይዝ በላይ ያለው የሙዪር የበረዶ ሜዳ ፊቱ ወደ ደቡብ ቢሆንም ከ2,200 እስከ 3,000 ሜትር በላይ ስለሚዘልቅ ዓመቱን ሙሉ ነጭ የሆነ ክፍል አያጣም።

ዛሬ ከወቅት ውጭ የሚባለው ስኪ በሬኒየር የቆየ ልማድ ነው። የሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ በ1899 ሲቋቋም ወደ ፓራዳይዝ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አልነበረም። በ1911 ፕሬዚዳንት ታፍት በመኪና ወደዚያ ሲወጡ የመጨረሻውን ጭቃ ያለፉት መኪናቸውን በቅሎ ጎትቶላቸው ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም የብርድ ወራት በረዶ ይዘጋው ነበር፤ ስለዚህ ተራ ሰው ፓራዳይዝ ደርሶ ስኪ ሊንሸራተት የሚችለው በረዶው ከመንገዱ ላይ ሲነሣ፣ ማለትም በሙቀቱ ወራት ነው። የፓራዳይዝ ማረፊያ ቤት በተከፈተበት በ1917፣ በጁላይ ወር፣ እዚያው የስኪ ዝላይ ውድድር ተካሄደ። ያሸነፈችው ከኖርዌይ የመጣች ኦልጋ ቦልስታድ የምትባል ወጣት ነበረች። በዚያን ጊዜ በሲያትልና በታኮማ የሚኖሩ ኖርዌያውያን ስኪን ከአገራቸው ይዘው የመጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ ለአካባቢው አሜሪካዊ እንግዳ የነበረው ነገር ለእነርሱ የልጅነት ሥራ ነበር። የሙቀቱ ወራት ውድድሮቹ እስከ 1930ዎቹ ድረስ እየተደጋገሙ ተካሄዱ። የታሪኩ ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባዋል፤ በፓራዳይዝ ሕዝብ የተሰበሰበባቸው ቀደምት የስኪ በዓላት የተደረጉት በከረመ በረዶ ላይ ነበር።

በ1930ዎቹ መንገዱ በብርድ ወራትም እየተጠረገ መከፈት ሲጀምር ነገሩ ተገለበጠ። በኤፕሪል 1934 ሲልቨር ስኪስ የተባለው ውድድር ተጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከካምፕ ሙዪር ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው እስከ ፓራዳይዝ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ወረዱ፤ አንደኛ የወጣው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶን ፍሬዘር ነበር። በ1935 የአሜሪካ የቁልቁለትና የስላሎም ብሔራዊ ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ማጣሪያ እዚያው ተካሄደ። ተራሮቹን እስከ ጫፍ በስኪ የመውጣት ፉክክርም በዚሁ ዘመን የመጣ ነው። የቤከር ጫፍ በ1930፣ የአዳምስ በ1932 ተደረሰባቸው፤ ሬኒየርን በስኪ መጀመሪያ የወጣው ደግሞ በ1939 ኖርዌይ የተወለደው ሲጉርድ ሆል ነው። ሆል በዓመቱ በሲልቨር ስኪስ ውድድር ላይ በጭጋግ ውስጥ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ከሬኒየር ጫፍ በስኪ መውረድ የተቻለው በ1948 ሲሆን፣ የሲልቨር ስኪስ ውድድር ታሪክም በዚያው ዓመት አበቃ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 87ኛው የተራራ እግረኛ ሬጅመንት ፓራዳይዝ ላይ ሠልጥኗል። በእነዚህ ዓመታት የስኪ ወቅት ማለት ከዲሴምበር እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ሆነ፤ መጸው የተረሳ ወቅት ሆኖ ቀረ።

መጸውን በከፊል የመለሰው የኦሪገኑ ሁድ ተራራ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ቲምበርላይን ሎጅን በተራራው ደቡባዊ ገጽ ላይ አሠራ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሴፕቴምበር 28 ቀን 1937 መረቁት። በእጅ የተጠረበው እንጨትና ድንጋይ፣ በእጅ የተሸመነው መጋረጃና ምንጣፍ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ምን ያህል እንደተጠበቡ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። በ1939 ማጂክ ማይል የተባለው የወንበር ሊፍት ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 2,600 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የፓልመር ሊፍት ተተከለ፤ በዚህም ቲምበርላይን በሰሜን አሜሪካ ረጅሙ የሊፍት ስኪ ወቅት ያለው ቦታ ሆነ። የብሔራዊ ቡድን አባላትና ወጣት ሠልጣኞች በጁንና በጁላይ እዚያ ይሰበሰባሉ። ከሰዓት በኋላ የሚላላውን በረዶ ለማጠንከር ሠራተኞች ጨው ይበትኑበታል። ጨው ላዩን ሲያቀልጠው የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሥር ካለው እርጥብ በረዶ ስለሚወስድ ታችኛው ይጠነክራል። ይህም ሆኖ ሊፍቱ በመስከረም አካባቢ ለጥገና ይቆማል፤ ሌሎቹ ማዕከላት እስከ ኖቬምበር አይከፈቱም። በመካከሉ የቀረው ክፍተት ለእግረኛው የተተወ ነው።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው በየወሩ ቢያንስ አንድ ቀን በስኪ እየተንሸራተቱ ዓመቱን የመዝጋት ልማድ የተወለደው። ልማዱ ሽልማትም ዳኛም የለውም፤ አንድ ሰው አሥራ ሁለቱን ወራት ሳያቋርጥ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል፣ ሒሳቡ የሚፈተነው ግን ሁልጊዜ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። ዋነኛው መጠጊያ የሙዪር የበረዶ ሜዳ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ፤ መኪና ከሚቆምበት ፓራዳይዝ በእግር ይደረሳል፣ በተለመደው መስመሩም ላይ እንደ ሌሎቹ ግግሮች ብዙ ስንጥቅ የለም። በተራራው ሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ኢንተር ግላሲየር ሩቅ ቢሆንም ፀሐይ እምብዛም ስለማያገኘው ይመረጣል። በቤከር የኢስተንና የኮልማን ግግሮች፣ በሁድ ደግሞ የፓልመር ሜዳ የላይኛው ክፍል ያገለግላሉ። የሴንት ሄለንስ ተራራ ግን የቀድሞ ቦታውን አጥቷል። እስከ ሜይ 18 ቀን 1980 ድረስ ሰሜናዊ ገጹ በግግር የተሸፈነና በስኪ ሰዎች የታወቀ ነበር፤ በዚያ ቀን የፈነዳው እሳተ ገሞራ ከተራራው ጫፍ 400 ሜትር ያህል ቆርጦ ጣለ፣ ሰሜናዊ ገጹንም እንዳለ ናደው።

በመጸው የሚገኘው በረዶ ከጃንዋሪው ጋር አይመሳሰልም። ወራት ሙሉ እየቀለጠና እየረጋ ስለከረመ ቅንጣቱ የሻካራ ጨው መልክ ይዟል። ፀሐይ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጋ ትቦረቡረዋለች፣ የቀለጠው ውኃ ቁልቁል ቦይ ያወጣለታል፣ አቧራና የእሳተ ገሞራ አመድም ያጠቁረዋል። የጠቆረው ክፍል ብርሃን ስለሚስብ ፈጥኖ ይሟሟል። ልምድ ያለው ሰው በዚህ ወቅት በማለዳ አይቸኩልም፤ ሌሊት እንደ ዓለት የጠጠረው ፊት በፀሐይ እስኪለሰልስ ይጠብቃል። ስኪውን በጀርባው አዝሎ አሸዋና ድንጋይ ላይ ለሰዓታት መጓዝም የማይቀር ነው።

ቦታ የማፈላለጊያው መንገድ በትውልድ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ላይ እውቀቱ በ1906 የተመሠረተውን የሲያትሉን ማውንቴኒርስ በመሰሉ የተራራ ማኅበራት ውስጥ በአፍ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ኦስቲን ፖስት መጣ። ይህ ሰው ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የምዕራብ ሰሜን አሜሪካን የበረዶ ግግሮች ለአሥርት ዓመታት ሲያነሣ ኖሯል፤ ፎቶዎቹ የሚበዙት የሙቀቱ ወራት ሲያበቁ የተነሡ በመሆናቸው የትኛው ጥግ በረዶውን እንደሚያከርም አፍ አውጥተው ይናገራሉ። የተነሡት ለሳይንስ ቢሆንም ለመጸው ስኪ ከዚህ የተሻለ ካርታ ማሰብ ያስቸግራል። ከ1973 ጀምሮ የወጡት የፍሬድ ቤኪ የካስኬድ መመሪያ መጻሕፍት የየተራራውን መዳረሻ በዝርዝር ሰጡ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በየተራራው የተተከሉት በራሳቸው የሚሠሩ የመንግሥት መለኪያዎች በበረዶው ውስጥ ያለውን የውኃ መጠን በየቀኑ ያስታውቃሉ። ከ2015 አንሥቶ ደግሞ የአውሮፓው ሴንቲኔል ሁለት ሳተላይት 10 ሜትር የሚያህልን ነገር ለይቶ የሚያሳይ ምስል ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሰሞኑን የበረዶ ቅሪት ማየት ቻለ።

ኦክቶበር ሲጋመስ ፍለጋው ከአሮጌው በረዶ ወደ አዲሱ ይዞራል፤ የመምረጫው ሕግም አብሮ ይለወጣል። ስስ የሆነ አዲስ በረዶ ድንጋይ አይሸፍንም። ስለዚህ ሥሩ ሣር ወይም ደቃቅ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሆነ ለስላሳ ዳገት ይፈለጋል። በፓራዳይዝ መስኮች ግን የተረገጠ ተክል ለማገገም ብዙ ዓመት ስለሚፈጅበት ፓርኩ በረዶው በቂ ውፍረት ሳይኖረው ከመንገድ መውጣትን ይከለክላል። በ1972 የተከፈተው የሰሜን ካስኬድ አውራ ጎዳና ለዚህ ወቅት ትልቅ በር ከፍቷል። ጎዳናው 1,669 ሜትር ከፍታ ያለውን የዋሽንግተን መተላለፊያ ያቋርጣል፤ በብርድ ወራት በናዳ ምክንያት ስለሚዘጋ፣ የመጀመሪያው ጥሩ በረዶ ከወረደ በኋላ መንገዱ እስኪዘጋ ያሉት ቀናት ብቻ በመኪና ደርሶ ለመውጣት ይፈቅዳሉ። አንዳንድ ዓመት ይህ ጊዜ ሳምንታት ይቆያል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይገኝም።

አደጋውም የሚከፋው በዚህ ሽግግር ላይ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ የግግር ስንጥቆች ከመቼውም በላይ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ቢያንስ በዓይን ይታያሉ። የኦክቶበር ቀጭን በረዶ ሲሸፍናቸው ግን የሰው ክብደት የማይችል ድልድይ ሆኖ ይደብቃቸዋል። አዲሱ በረዶ በልሙጡ የግግር ፊት ላይ ሲያርፍ በደንብ ስለማይያያዝ ሊናድ ይችላል፤ የአካባቢው የናዳ ማዕከል ደግሞ የዕለት ትንበያውን የሚጀምረው በኖቬምበር ነው። በሙዪር ሜዳ ላይ ጭጋግና ነፋስ ባንድ ላይ ሲመጡ ሰማይና መሬት ስለማይለይ፣ አቅጣጫ የሳቱ ሰዎች ወደ ጎን ወዳሉት ስንጥቃም ግግሮች ወርደው ሞተዋል። የፓርኩ ጠባቂዎች ለዚሁ ብለው የኮምፓስ አቅጣጫ ያለበት ካርታ ያድላሉ።

ቦታዎቹ ራሳቸውም እየጠበቡ ነው። የፓርኩ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት መሠረት ከ1896 እስከ 2021 የሬኒየር ግግሮች ስፋታቸው በ42 በመቶ ቀንሷል። ጎብኚ ይጎርፍባቸው የነበሩት የፓራዳይዝ የበረዶ ዋሻዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈርሰው ጠፍተዋል። በ2015 የብርድ ወራት ዝናቡ ባይጎድልም ሙቀቱ በረዶ እንዳይሆን ስላደረገው የዋሽንግተን ገዢ ክፍለ ግዛቱን ሁሉ የሚሸፍን የድርቅ አዋጅ አወጣ። እንዲህ ባለ ዓመት የሙዪር ሜዳ የታችኛው ክፍል አስቀድሞ ይገለጣል፣ ላይኛውም ራቁቱን የቀረ ጠንካራ ግግር ሆኖ ስንጥቅ ያሳያል፤ የመስከረሙ ስኪም ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፓርኩ በኒስኳሊና በኤመንስ ግግሮች ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልኬት ያካሂዳል። በጸደይ በረዶው ተቆፍሮ ጥልቀቱ ይለካል፤ በመጸው ደግሞ በግግሩ ውስጥ የተተከሉት እንጨቶች ምን ያህል እንደተገለጡ ይታያል። ካለፉት ዓመታት በአብዛኞቹ የቀለጠው ከወረደው በልጧል።