ሦስተኛው እግር፤ የተራራ በትር ታሪክና አያያዙ

(በራዲዮ የተነገረ)



በጥንት ግሪኮች ዘንድ እጅግ የታወቀ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በጠዋት በአራት፥ በቀትር በሁለት፥ በማታ በሦስት እግር ስለሚሄድ ፍጡር ይጠይቃል፤ መልሱም ሰው ነው። ሰው በሕፃንነቱ ይድኻል፤ በጎለመሰ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ባረጀ ጊዜ ግን ምርኩዝን ሦስተኛ እግር ያደርጋል። እንቆቅልሹ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በበትር ላይ አንድ በደል ሠርቷል፤ ሦስተኛውን እግር የማታ ብቻ አድርጎታልና። ዛሬም ብዙ ሰው ዱላ መያዝን የእርጅና ምስክር አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ጕልበቱ እያመመው ከቁልቁለት ጋር ይታገላል፤ በመጨረሻም ተራራ መውጣቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። የተራራ ሰዎች ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ይህን ታሪክ ዛሬ በአጭሩ እንመለከታለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአገራችን ደገኛ ያለ ዱላ መንገድ አይጀምርም። እረኛው ከብቱን ያግድበታል፤ ከአውሬ ይከላከልበታል፤ ወንዝ ሲሻገር ጥልቀቱን ይለካበታል፤ ደክሞት ሲቆምም ይደገፍበታል። በቤተ ክርስቲያንም ካህናቱና ደብተሮቹ ረጅሙን ማሕሌት በመቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ። ጎልማሳው ዱላ በመያዙ ሽማግሌ ነህ ያለው ሰው የለም።

በአውሮፓም የአልፕስ ተራሮች ነዋሪዎች ጫፉ ብረት የለበሰ ረጅም በትር ነበራቸው፤ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ አልፐንሽቶክ ይሉታል። የዙሪኩ ሊቅ ዮሲያስ ዚምለር በ1574 ስለ አልፕስ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ፥ በበረዶ ላይ የሚጓዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ባለብረት በትር ይይዙ እንደ ነበር ጽፏል። ኦገስት 8 ቀን 1786 ሐኪሙ ሚሼል ገብርኤል ፓካርና ከተራራ ላይ ብርሌ ድንጋይ እየፈለገ ይተዳደር የነበረው ዣክ ባልማ፥ ከፍታው ከ4,800 ሜትር የሚበልጠውን ሞን ብላንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ገመድም ሆነ የበረዶ መጥረቢያ አልያዙም፤ መሣሪያቸው ረጃጅም በትሮቻቸው ነበሩ። የበረዶ ስንጥቅ መንገዳቸውን በቈረጠባቸው ጊዜ በትሮቻቸውን እንደ ድልድይ አጋድመው በላያቸው እየተሳቡ ተሻገሩ። እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው ቀትር ላይ የነበሩ ጎልማሶች ነበሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት አገር ጎብኚው ሲበዛ በትሩ የመታያ ዕቃ ሆነ። ጎብኚዎች የደረሱባቸውን ቦታዎች ስም በጋለ ብረት በበትራቸው ላይ ያስተኵሱ ነበር፤ አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይንም በ1880 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በዚህ ልማድ ተሳልቆበታል። ብርቱዎቹ ተራራ ወጪዎች ግን በትሩን ከመጥረቢያ ጋር አዋሕደው ዛሬ የምናውቀውን የበረዶ መጥረቢያ ሠሩ፤ ረጅሙም በትር እየተረሳ ሄደ።

በዚሁ ዘመን አንድ አሳዛኝ ነገር ሆነ። ጁላይ 14 ቀን 1865 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ባልንጀሮቹ ከዚያ በፊት ማንም ያልረገጠውን የማተርሆርንን ጫፍ ረገጡ። ሰባቱም በደኅና ወጡ፤ ሲወርዱ ግን አንዱን አድልጦት ሌሎቹን ጎተተ፤ ገመዱም ተበጥሶ አራቱ ሞቱ። ያ ገደል የበትር ቦታ ስላልነበረ፥ በትር ቢኖር ያድናቸው ነበር አንልም። ሆኖም ነገሩ አንድ ትምህርት ትቶልናል፤ ይኸውም የተራራ ፈተና በጫፉ ላይ እንደማያልቅ ነው። ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን ጕልበትንና ልብን አንድነት ይፈትናል፤ ሰውም የሚወርደው ደክሞ ሳለ ነው።

በትር ወደ ተራራ መንገደኛ እጅ የተመለሰው በበረዶ ሸርተቴ በኩል ነው። በ1890ዎቹ ኦስትሪያዊው ማትያስ ዝዳርስኪ የአልፕስን ቁልቁለት አንድ ረጅም በትር ይዞ መንሸራተትን ያስተምር ነበር፤ ኋላ ግን በሁለት አጫጭር በትሮች የሚደረገው አሸነፈ። በትሩም ከእንጨትና ከቀርከሃ ወደ ብረት ተለወጠ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካዊው ኤድ ስኮት ከአሉሚኒየም ቀለል ያለ በትር ሠራ። በ1970ዎቹ ሌኪ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ እየገባ ርዝመቱ የሚስተካከል በትር ለገበያ አቀረበ። በ1999 የዛልዝቡርግ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፥ በ25 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ሁለት በትር ይዘው የወረዱ ሰዎች በጕልበታቸው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከ12 እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ጥናቱ የተደረገው በጥቂት ሰዎች ላይ ቢሆንም፥ ደገኛው በልማድ ያወቀውን በልኬት ገልጦታል።

እንግዲህ በትር ለመምረጥ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ርዝመቱን ይመልከት። በሜዳ ላይ ቆሞ በትሩን ሲይዝ ክርኑ እንደ ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ ቢታጠፍ ልኩ ነው። ለዳገት ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያሳጥረዋል፤ ለቁልቁለትም ያንኑ ያህል ያስረዝመዋል። የአገራችን ረጅም ዱላ ይህን ያለ ፋብሪካ ይፈጽመዋል፤ እጅን በዳገት ዝቅ፥ በቁልቁለት ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ይበቃል። የካርቦን በትር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክፉኛ ሲመታ ይሰበራል። አሉሚኒየም ከበድ ይላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጐብጣል። መቈለፊያው ሰውነት ሲጫነው የሚንሸራተት ከሆነ ያ በትር አይታመንም፤ ከመንገድ በፊት ተደግፎ መፈተን ይገባል።

አያያዙም ሥርዐት አለው። እጅ በማሰሪያው ቀለበት ከሥር ወደ ላይ ገብቶ ማሰሪያውንና መያዣውን አንድነት ይጨብጣል፤ እንዲህ ሲሆን ክብደቱን አንጓ እንጂ ጣት አይሸከመውም። ቀኝ እግር ሲራመድ ግራ በትር ይተከላል። በቁልቁለት በትሩ ከእግር ቀድሞ መሬት ይንካ፤ ሰውነትም ወደ ኋላ አይንጋለል። ድንጋይ በእጅ እየያዙ በሚወጣበት ስፍራ ግን እጅን ከማሰሪያው ማውጣት ይገባል፤ ጫፉ በስንጥቅ ቢያዝ ሰውየውን ይጥለዋልና።

በትር ጕዳት የለውም ማለትም አይደለም። ክንድ ስለሚሠራ ልብ በይበልጥ ትመታለች። ሁልጊዜም በበትር የሚሄድ ሰው በገዛ ሚዛኑ የመቆም ልማዱ ይደክማል፤ ስለዚህ በለጥ ባለው መንገድ በትሩን ከሸክሙ ላይ አስሮ ባዶ እጁን ይራመድ። በትር ስላለኝ ሸክም ልጨምር የሚልም የተቀበለውን ዕረፍት መልሶ ይሰጣል።

ሁለት የአሉሚኒየም በትር የያዘ እንግዳና አንድ የወይራ ዱላ የያዘ የአገር ሰው በሰሜን ተራሮች መንገድ ላይ ቢገናኙ፥ የሁለቱ ዕውቀት አንድ መሆኑን መገንዘብ ይቻላል። ስለዚህ ጕልበቱ ገና ብርቱ የሆነው ወጣት እስኪያመው አይጠብቅ፤ ጕልበቱን የሚያመውም አባት በሰው ዐይን ምክንያት ከተራራው አይቅር። የግሪኩ እንቆቅልሽ ሦስተኛውን እግር ለማታ ቢሰጠውም፥ የተራራ ሰው ግን በቀትር ይዞት ወጥቷል፤ በደኅናም ወርዶበታል።