ጨውና አዋጅ፦ ስለ ሕፃናት ጤና ከደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ለብዙው ሰው የመከራ መደራረብ ምሳሌ ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ለሠራ የጤና ባለሙያ ግን እንቅርት ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በአንገት ላይ የሚታይ ሕመም ነው። ከዚህ የሚከፋው በዓይን የማይታየውና በአዮዲን እጥረት ምክንያት በፅንስና በሕፃናት አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ይህን ጉዳት ለመከላከል ክሊኒክ ብቻውን አልበቃም፤ ሕግ አስፈልጓል።

ምክንያቱ ከምድሩ ይጀምራል። ለቡናውና ለደኑ ሕይወት የሆነው ከባድ ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። በዚያ አፈር የበቀለው ጎደሬ፣ በቆሎና ጎመን አዮዲን ያጥረዋል። ጉድለቱን የሚሞላው ጨው ሲሆን፣ ጨው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወደዚህ አካባቢ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የተቆረጠው አሞሌ እስከ ቦንጋ ገበያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬም ጨው ከወጥ አልፎ ከቡና ቅጠል በሚፈላው ጨሞ ውስጥ ስለሚገባ የማይደርስበት ቤት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ በታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በዚያ ዘመን ገበያው ላይ የነበረው ጨው በአብዛኛው ከአሰብ የሚመጣና አዮዲን የሚጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት ይህ መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያው አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ዞረ። ሕፃናትን ለመጉዳት ማንም አልወሰነም፤ አስገዳጅ ደንብ ስላልነበረ ግን ጉዳቱ ያለ ውሳኔ ደረሰ። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ28 በመቶ ቤቶች ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 15 በመቶ ወረደ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጥቶ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በ2008 ዓ.ም. አኃዙ 89 በመቶ ደረሰ።

የሐኪሞች ድምፅ በዚህ ረገድ ምን ያህል እንደሚሠራ የአሜሪካዋ ሚሺጋን ታሪክ ይመሰክራል። የሕፃናት ሐኪሙ ዴቪድ ካዊና የግዛቲቱ ሐኪሞች ማኅበር ወላጆችን፣ መምህራንንና ጨው አምራቾችን አሳምነው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 አዮዲን ያለው ጨው በየሱቁ እንዲሸጥ አድርገዋል።

ሕፃን የሚጎዳው በአፉ በሚገባው ብቻ አይደለም፤ በጆሮውና በዓይኑ የሚገባውም ይጎዳዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ጠንካራ መጠጦችን ሲገድብ ቢራን ትቶ ስለነበር፣ ከቤተሰቡ ጋር ኳስ የሚመለከት ልጅ በየመሐሉ የቢራ ማስታወቂያ ይመለከት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥንም ከለከለ። ጨው ላይ አዮዲን ያስጨመረውና ከማያ ገጹ ላይ ቢራን ያነሣው አሳብ አንድ ነው፤ ወላጅ ብቻውን ሊከላከለው የማይችለውን ጉዳት ሕግ ይከላከላል።

ይሁን እንጂ ደንብ መውጣቱ የሥራው መጨረሻ አይደለም። ከተመረመሩት ቤቶች በብዙዎቹ በጨው ውስጥ አዮዲን ቢገኝም መጠኑ በቂ አልነበረም። እርጥበት በሚበዛበት በቡናው ምድር በተከፈተ ጆንያ የተቀመጠ ጨው አዮዲኑን ያጣል። ስለዚህ በሚዛንና በቴፒ ገበያዎች የሚሸጠውን ጨው በየጊዜው መመርመር፣ እናቶች ጨውን በክዳን ባለው ዕቃ እንዲያስቀምጡና ወጡ ሊወጣ ሲል እንዲጨምሩ መምከር፣ የተገኘውን ጉድለት ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ከእያንዳንዳችን ይጠበቃል።

የአሰቡ መንገድ ሲዘጋ የጉዳቱ ምልክት ቀድሞ የሚደርሰው ወደ ጤና ጣቢያ ነበር። ምልክቱን አይቶ ዝም ያለ ባለሙያ አንዱን ሕፃን ያክም ይሆናል፤ ያየውን የሚናገር ግን ገና ላልተወለደውም ይደርሳል።