ሴንትራል ሎክ፤ የአውቶሞቢል በር ቁልፍ ሕጸጹና ጥገናው

ሴንትራል ሎክ በሾፌሩ በር ላይ ባለ አንድ ማብሪያ ወይም በእጅ በሚያዝ ሪሞት የአውቶሞቢልን በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚቆልፍና የሚከፍት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ፓካርድ የተባለው ፋብሪካ በቅንጦት መኪኖቹ ላይ አውጥቶት ነበር፤ ከሩቅ ሆኖ በሪሞት መክፈት ግን በፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ በ1982 ከታየ ወዲህ ቀስ በቀስ ልማደ ሰብእ ሆኗል።

በየበሩ ውስጥ፥ በመዝጊያው ሳጥን ተሰውሮ፥ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር አለ። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲገባ ሞተሩ ይቆልፋል፥ አቅጣጫው ሲገለበጥ ይከፍታል፤ ይህንም መገለባበጥ የሚፈጽሙት ሪሌዎች ናቸው፥ በዘመኑ መኪናም እነርሱን የሚያዝዝ የኮምፒውተር ሳጥን አለ። ኃይሉ የሚላከው አንድ ሰከንድ ለማይሞላ ቅጽበት ብቻ ስለ ሆነ፥ ለመመርመር ቴስተር የያዘ ሰው ዐይኑን ከመርፌው ሳይነቅል ሌላው ማብሪያውን ደጋግሞ እንዲጫንለት ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሲኤምሲና በአያት ሰፈሮች የሚመላለሱት የቶዮታ ቪትዞችና ኮሮላዎች አብዛኞቹ ብዙ ዘመን ያገለገሉ እንደ መሆናቸው መጠን፥ የሚያገኛቸው ሕጸጽ ከሞተሩ መዳከም ይልቅ በሦስት ሌሎች ምክንያቶች ይመጣል። መጀመሪያው፥ ከመኪናው አካል ወደ በሩ በማጠፊያው አጠገብ በጎማ ተሸፍነው የሚሻገሩት ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ሲታጠፉ ኖረው መቆረጣቸው ነው፤ በጥሪ ለሚሠራ ታክሲ፥ ተሳፋሪው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ፥ ይህ የማይቀር ዕዳ ነው። ሁለተኛው፥ በሰሚትና በቦሌ ቡልቡላ ከማያልቀው ግንባታ የሚነሣው የበጋ ትቢያ በመዝጊያው ግሪስ ላይ ሰፍሮ እንደ ደረቀ ሊጥ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፥ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው፥ አላርም ሲገጠም የፋብሪካው ሽቦ ተልጦ፥ ተጠምዝዞና በፕላስተር ተጠቅልሎ መተዉ ነው፤ ይህ ሥራ ለጊዜው ያምራል፥ ከዓመታት በኋላ ግን ሌላውን ኤሌክትሪሺያን ያሳብዳል።

ምርመራው ሕመሙ የአንድ በር ነው ወይስ የሁሉም ከሚለው ይጀመር። በሮቹ ሁሉ በአንድነት እምቢ ካሉ ወደ በር መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ፊውዙን፥ ባትሪውን፥ የሾፌሩን ማብሪያና የተጨመረውን አላርም ማየት ይቀድማል። ማብሪያው ታዝዞ ሪሞቱ ብቻ ዝም ካለ፥ በሪሞቱ ውስጥ ያለችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትለወጥ። አንዱ በር ብቻ ሲያምፅ ግን ጆሮን ማስጠጋት ነው፤ ድምፁ ብርቱ ሆኖ መቆለፊያው ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉ ከፕላስቲክ መያዣው ወጥቷል፥ ድምፁ የደከመ ከሆነ ሞተሩ አርጅቷል ወይም መዝጊያው ቆሽሿል፥ ጭራሽ ድምፅ ከሌለም ቴስተሩ በሞተሩ ሶኬት ላይ ይግባ። 12 ቮልት እየደረሰ ሞተሩ ካልተነሣ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ካልደረሰ ግን የማጠፊያው ጎማ ይገለጥ። በሩ ገርበብ ሲል የሚሠራና ሲዘጋ የሚተው ቁልፍ ለተቆረጠ ሽቦ የታወቀ ምልክት ነው። የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ሲል፥ ከመበታተን በፊት በበሩ ጠርዝ ያለችው የሕፃናት መከላከያ ምላስ ትታይ፤ ስለ እርስዋ ስንት በር በከንቱ ተፈትቷል!

ጥገናው ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፥ በተለይ በበሩ አካባቢ የአየር ከረጢት ላለበት መኪና። የተቆረጠው ሽቦ፥ ከሚታጠፈው ቦታ ራቅ ብሎ፥ በአዲስ ሽቦ ተቀጥሎ በእርሳስ ይበየዳል። የቆሸሸው መዝጊያ ታጥቦ አዲስ ግሪስ በስሱ ይቀባል። ሞተሩ ከሞተ ከሦስት መንገድ አንዱ ይመረጣል፦ ለረጅም ዘመን የመለዋወጫ ገበያ ሆኖ ከታወቀው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ መዝጊያ መግዛት፥ ለማንኛውም መኪና የሚሆነውን ሁለንተናዊ ሞተር በውጭ ከዘንጉ ጋር ማሰር፥ ወይም ሳጥኑን ከፍቶ እንደ ማቡቺ ፋብሪካ ሥራ ያለውን ትንሽ የውስጥ ሞተር ብቻ መለወጥ። ሁለተኛው በፍጥነቱ ይወደዳል፥ ነገር ግን ብሎኑ በንቅንቅ ሲላላ ቁልፉ ዳግመኛ ስለሚያምፅ፥ ትዕግሥትና ቀጭን ካቻቪቴ ላለው ባለሙያ ሦስተኛው ይሻላል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በቦሌ ጎዳና የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሥርዓት አልወጡም። ትልቁ ባትሪ በመቶ የሚቈጠር ቮልት ቢይዝም፥ የበሩ ቁልፍ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ከትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ትንሹ ሲሞት ባለቤቱ ሙሉ ኃይል ካለው መኪናው ውጭ ይቆማል፥ በብዙዎቹም ላይ መዳኛው በሪሞቱ ሆድ የተደበቀው የብረት ቁልፍ ነው።

የበሩ ልባስ ከመመለሱ በፊት፥ ከስሩ ያለው ስስ ፕላስቲክ ዙሪያውን በሚገባ ይለጠፍ። ጥቂት ጋራዦች ቀድደው ይጥሉታል፤ ሐምሌ ሲገባ በመስተዋቱ ጥግ የሚወርደው ዝናብ ግን ያለ እርሱ በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ይፈስሳል።