ከጋፋት እቶን እስከ አቶም እቶን

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን የጋፋትን ኮረብታ ሳታውቁት አትቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ ያዘዙት በዚያ ነው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ዛሬ መኪና በገሳይ በኩል ወደ ጋይንት በሚያልፍበት ደጋ፣ ከዚያም በጅዳ ገደል፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከወራት ጉዞ በኋላ መቅደላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ጦርነት ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ባሩዱ በዝቶበት ነው ተብሏል። ይህ ሁሉ የሚያየውና የሚሰማው ስብራት ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ድምፅ የሌለውን ነው።

የእንግሊዝ ጦር በህንድ አገር ሳለ፣ በዝናም ወራት በጋጣ ያከማቸው የናስ ቀለህ ማንም ሳይነካው ተሰንጥቆ ይገኝ ነበር። ቀለሁ ሲሠራ በውስጡ ውጥረት ቀርቶበታል፤ ከፈረስ ሽንት የሚነሣው አሞንያም በእርጥበቱ ረዳትነት በዚያ ውጥረት በኩል ገባበት። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ስንጥቁ ባልመጣ ነበር።

ይኸው ጠባይ ማንም ባልጠረጠረው ማዕድን ላይ ታየ። በአቶም እቶን ውስጥ ውሃ ከ300 ዲግሪ በላይ ግሎ በብርቱ ግፊት ይዞራል፤ ስለዚህ ብዙዎቹን ቱቦዎች ዝገት አይደፍረውም ከተባለው ከኒኬልና ከክሮምየም ቅይጥ ሠሯቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ፈረንሳዊው ሊቅ ኮርዩ ይህ ቅይጥ ተወጥሮ ሲቆይ በንጹሕ ሙቅ ውሃ እንኳ እንደሚሰነጠቅ አስታወቀ። ብዙዎች ተከራከሩት፤ ስንጥቁ ግን ክርክሩን አልጠበቀም። በ1991 በፈረንሳይ አገር፣ ቡዤ በተባለው ጣቢያ፣ ከአንድ እቶን ክዳን ላይ ውሃ ሲያፈስ ተገኘ። በ2002 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በዴቪስ ቤሲ ጣቢያ የታየው ከዚህ የባሰ ነው፦ በስንጥቁ ያመለጠው ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ወፍራሙን የብረት ክዳን በልቶ ጨርሶ፣ በዚያ ቦታ የእቶኑን ግፊት ይዞ የቆየው አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የውስጥ ልባስ ብቻ ነበር። ያም ቢበሳ ኖሮ እቶኑን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በዚያው በፈሰሰ! ክዳኑ ተለወጠ፤ ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 30 በመቶ ገደማ ክሮምየም ያለበት ቅይጥ ነው።

ሴባስቶፖልን ማየት የሚሻ ሰው እስከ መቅደላ መውጣት አለበት፤ በአዲስ አበባ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነውና።