በተራ የሚጻፍ መዝገብ፦ ባለክልል ዲስክና ኦፐሬቲንግ ሲስተም

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ከቻይና ምድር መጠቀች። የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋም ከየካ በላይ በተዘረጋው የእንጦጦ ጋራ፣ በኦብዘርቫቶሪው ግቢ ተቋቁሞ ነበር። የሳተላይት ምስል በደረሰበት ተራ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ እምብዛም አይታረምም። ባለክልል ዲስክ የሚስማማው እንዲህ ላለው መዝገብ ነው።

ይኸው ዲስክ ብዙ መረጃ የሚይዘው ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ በማደራረብ ነው። የሚጽፈው ራስ ከሚያነበው ራስ የሰፋ በመሆኑ መደራረቡ ንባብን አያውክም፤ መካከል ላይ ያለውን ለመለወጥ ሲሞከር ግን አጎራባቹ ትራክ ይጠፋል። ስለዚህ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ 256 ሜጋባይት በሚይዙ ክልሎች ተከፈለ። እያንዳንዱ ክልል ከመነሻው ጀምሮ በተራ ብቻ ይጻፋል፤ ለውጥ ካስፈለገም ክልሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ይህን ሥርዓት ማን ይጠብቅ? እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ለገበያ የወጡት ዲስኮች ሸክሙን በውስጣቸው ሸሽገው ተራ ዲስክ መስለው ይታዩ ነበር። ይሁን እንጂ ያለ ተራ ብዙ ሲጻፍባቸው ፍጥነታቸው ያሽቆለቁላል። በ2020 አምራቾች እንዲህ ያሉ ዲስኮችን ዓይነታቸውን ሳይገልጹ መሸጣቸው በታወቀ ጊዜ፣ ብዙ ዲስኮችን አቀናጅተው የሚሠሩ ደንበኞች ቅሬታቸውን አሰሙ።

ሁለተኛው መንገድ የክልሎቹን ወሰን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መግለጥ ነው። የሐሳቡ መሠረት ቀደም ብሎ ተጥሏል፤ ሮዘንብሉምና አውስተርሃውት በ1991 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የፋይል ሥርዓት ጽሕፈትን ሁሉ በተራ የሚያስከትል ነበር። ሊኑክስ በ2017፣ በዕትም 4.10፣ ክልሎችን ለይቶ ማወቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዲኤም-ዞንድ የክልልን ሥርዓት ለማያውቁ የፋይል ሥርዓቶች ድልድይ ሆነ። በ2020 ዞንኤፍኤስ እያንዳንዱን ክልል እንደ አንድ ፋይል አቀረበ፤ በ2021 ቢተርኤፍኤስ፣ በ2025 ደግሞ ኤክስኤፍኤስ ተከተሉት።

በአጭሩ፣ ታሪኩ የተሸሸገ ሸክም ወደ ግልጽ ኃላፊነት የተዛወረበት ታሪክ ነው። የአገር ምስል ለትውልድ የሚያኖር ባለሙያም ዲስክ ሲመርጥ፣ ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈቱን ተራ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።