ከፋብሪካ ወደ ጠረጴዛ፤ የትንሹ ፎርድ ታሪክ

የሰው ልጅ ትልቁን ነገር በትንሽ አምሳል ሠርቶ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1920 ዓ.ም. በግብፅ አገር በቴብስ የጥንት መቃብሮችን ይመረምሩ የነበሩ አሜሪካውያን፥ መከትሬ የተባለ የፈርዖን ሹም ከተቀበረበት ስፍራ አንዲት የተደበቀች ክፍል አገኙ። በውስጧም ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ከእንጨት ተጠርበውና ቀለም ተቀብተው የተቀመጡ ትንንሽ ጀልባዎች፥ ዳቦ መጋገሪያ ቤቶች፥ ከብት ሲቈጠር የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች ተደርድረው ነበር። እነዚህ ሥራዎች ለሕፃን መጫወቻ የታሰቡ አልነበሩም፤ ሹሙ በወዲያኛው ዓለም ቤቱና ንብረቱ እንዳይለየው የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ ከፊሎቹ በካይሮ፥ ከፊሎቹም በኒው ዮርክ ይገኛሉ። የሹሙ ቤትና ጀልባ ከጠፉ ብዙ ሺሕ ዓመት ቢሆናቸውም፥ ያ ዘመን እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የእነዚህን ትንንሽ ሥራዎች ምስክርነት ይጠይቃል።

ይህን በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ጊዜ በብዙ አገር ሽማግሌውም ወጣቱም ከሥራ ሰዓት በኋላ ከጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ፥ ከፕላስቲክ የተሠሩ ጥቃቅን ክፍሎችን በማጣበቂያ እያገጣጠመ የዱሮ አውቶሞቢል በትንሹ ሲሠራ ይታያል። ላይ ላዩን ለሚመለከተው ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። እኛም አስቀድሞ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ተከታትለን ስንመረምረው፥ የሰው እጅና የሚሠራው ሥራ እርስ በርሳቸው ከተለያዩበት ዘመን ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ መኪና ምሳሌነት፥ ይኸውም በአሜሪካው ፎርድ ቲ፥ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፎርድ ቲ ለሽያጭ የወጣው በ1908 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ የገባውን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ካዩ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው። ሄንሪ ፎርድ ያሰበው ለባለጸጋ ሳይሆን ለገበሬውና ለሠራተኛው የሚሆን መኪና ነበር። ሞተሩ አራት ሲሊንደርና 20 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አካሉ ቀላል፥ ብረቱ ጠንካራ፥ ከመሬት ከፍ ያለና ጭቃ የማይፈራ ነበር። ዋጋው በመጀመሪያ 850 ዶላር ሲሆን፥ በ1920ዎቹ ዓመታት ርካሹ ዓይነት ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሥራው እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ዋጋው እንዲህ ሊወርድ የቻለው በአሠራሩ ለውጥ ነው። በመጀመሪያው ዘመን መኪናው ባለበት ቆሞ፥ ሠራተኞች ዕቃውን እያመጡ በዙሪያው ሆነው ይገጥሙት ነበር። በ1913 ዓ.ም. ግን በሚቺጋን ግዛት በሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው ፋብሪካ አዲስ ሥርዐት ተጀመረ። መጀመሪያ የተሞከረውም ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ በሚሰጠው፥ ማግኔቶ በተባለው ክፍል ላይ ነበር። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ ብቻውን አንዱን ማግኔቶ ገጥሞ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። ሥራው ለ29 ሰዎች ተከፋፍሎ ዕቃው ከአንዱ ወደ አንዱ እንዲተላለፍ በተደረገ ጊዜ፥ ለአንድ ማግኔቶ የሚያስፈልገው የሰው ድካም ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወረደ፤ ቆይቶም ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ አለ። ይኸው ዘዴ ለመላው መኪና በዋለ ጊዜ፥ ሻንሲውን ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው ሥራ በ1914 ዓ.ም. በ1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ማለቅ ጀመረ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነትነቱ በዚህ ፋብሪካ ታየ። ነገር ግን ተረቱ ያላነሣው አንድ ጉዳይ አለ። ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመ ሰው ሸክሙ ቢከብደውም ሃምሳውንም ያውቃቸዋል፤ አንዷን ብቻ የያዘው ግን ከእጁ ካለችው በቀር ሌላውን አያውቅም። በሃይላንድ ፓርክ ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ሲያጠብቅ የሚውለው ሠራተኛ፥ በየቀኑ ብዙ መቶ መኪና በፊቱ እያለፈ፥ «ይህን መኪና እኔ ሠራሁት» ለማለት የሚችልበት አንድም መኪና አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ሥራውን ጥለው ይሄዱ ነበር። በ1913 ዓ.ም. የሠራተኞቹ መለዋወጥ 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ማለት አንዱን የሥራ ቦታ በዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ በአዲስ ሰው መተካት ያስፈልግ ነበር። በ1914 ዓ.ም. በጥር ወር ፎርድ የቀኑን ክፍያ ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር ያደረሰበት፥ የሥራውንም ሰዓት ከ9 ወደ 8 የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ስንል ፋብሪካውን ለመንቀፍ አይደለም፤ መኪና ለገበሬው ደጅ የደረሰው በዚሁ አሠራር ነውና። የተገኘውን ስንቈጥር የታጣውንም እንድናስብ ብቻ ነው።

የታጣውን ነገር ያሰቡ ሰዎች በዚያው በአውቶሞቢሉ ሥራ ውስጥ አልጠፉም። በ1930 ዓ.ም. የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ፊሸር ቦዲ፥ የእጅ ጥበብን በወጣቶች ዘንድ ለማስፋፋት አንድ ማኅበር አቋቋመ። ልጆቹ የናፖሊዮንን ዘመን የክብር ሠረገላ በትንሹ እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ እንጨቱን ራሳቸው እንዲጠርቡ፥ ብረቱን ራሳቸው እንዲቀጠቅጡ፥ የወንበሩን ጨርቅ ሳይቀር ራሳቸው እንዲሰፉ ነበር ደንቡ። በመጀመሪያው ውድድር ለአሸናፊዎቹ ከተመደበው ሽልማት ዋናው እያንዳንዱ 5,000 ዶላር የሆነ አራት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዕድል ነበር። ኋላም ወጣቶቹ ከገዛ አሳባቸው ያወጡትን አውቶሞቢል በአምሳል እንዲሠሩ ተደረገ፤ ማኅበሩም እስከ 1968 ዓ.ም. ቆየ። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎች አድገው በታላላቅ ፋብሪካዎች የመኪና ቅርጽ ነዳፊዎች ሆነዋል።

ነገር ግን ይህ ሥራ መሣሪያ፥ ትዕግሥትና ብዙ ወራት ይጠይቅ ስለ ነበረ ለሁሉ የሚሆን አልነበረም። ለሁሉ እንዲሆን ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው ፕላስቲክ ነው። በ1948 ዓ.ም. በሚቺጋን የተመሠረተው ኤ.ኤም.ቲ. የተባለ ኩባንያ፥ ለመኪና ነጋዴዎች ማስታወቂያ የሚሆኑ፥ ከዋናው መኪና ከ25 እጅ አንድ እጅ የሆኑ አምሳሎችን ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያው ከአሉሚኒየም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በፕላስቲክ ተተካ። በዚያን ጊዜ የነበረው ፕላስቲክ ዓመታት ባለፉ ቍጥር የመጣመም ጠባይ ነበረው፤ ጕድለቱም የተቃለለው ፖሊስታይሪን የተባለው ዓይነት በተለመደ ጊዜ ነው። ይህ ፕላስቲክ በሙቀት ይቀልጥና በብረት ፎርማ ውስጥ በብርቱ ኀይል ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝም የፎርማውን ጥቃቅን መስመር ሁሉ ይዞ ይወጣል። ፎርማውን መቅረጽ ብዙ ገንዘብ ቢጠይቅም፥ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ ሺሕ ጊዜ ያገለግላል።

በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሬቨል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ፥ ከመኪና ታሪክ መነሻ ዘመን የተመረጡ አውቶሞቢሎችን ከ32 እጅ አንድ እጅ አሳንሶ፥ ሳይገጣጠሙ በሣጥን ውስጥ እየከተተ ለገበያ አቀረበ። ፎርድ ቲም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ኤ.ኤም.ቲ. ከአንድ ሣጥን በሦስት ዓይነት ሊሠራ የሚችል መኪና አወጣ፤ ገዢው እንደ ፋብሪካው ሥሪት፥ ወይም እንደ ገዛ ምርጫው፥ ወይም ለእሽቅድምድም እንደሚሆን አድርጎ ሊገጥመው ይችል ነበር። ነገሩ ያስደንቃል። የሣጥኑ ፋብሪካ ሥራውን ሳይጨርስ ሸጠ፤ ገዢውም የወደደው ያላለቀ በመሆኑ ነው። ፎርድ ለብዙ ሰው ያከፋፈለውን ሥራ ይህ ሣጥን መልሶ በአንድ ሰው እጅ ላይ አኖረው።

ፎርድ ቲ በዘመናችንም አልተረሳም። በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ የሚገኘው አይ.ሲ.ኤም. የተባለ ኩባንያ ከ2010ዎቹ ዓመታት ወዲህ የ1911 እና የ1913 ዓ.ም. ሥሪቶችን ከ24 እጅ አንድ እጅ አድርጎ አውጥቷል። የዋናው መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል 2 ሜትር ከ54 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ በዚህኛው 10 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። እኛም የ1911ን ሥሪት አግኝተን ለመሥራት ሞክረናል።

ክፍሎቹ እንደ ፍሬ ከቅርንጫፋቸው ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፤ በስለት እየቈረጡ፥ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ መግጠም ነው። ማጣበቂያውም እንደ እንጨት ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ የሁለቱን ክፍል ፊት በጥቂቱ አሟሙቶ እንደ ብየዳ አንድ ያደርጋቸዋል። ሞተሩን በሻንሲው ላይ ካስቀመጥን በኋላ ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ባሌስትራ አገኘን፤ እነርሱም እንደ ዛሬው ጭነት መኪና ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎን የተጋደሙ ናቸው። በፊት ጎማዎች ላይ ፍሬን ብንፈልግ አጣን፤ በዋናውም መኪና አልነበረምና። በእግር የሚረገጡት ሦስት ፔዳሎች ናቸው፤ የግራው ለማርሽ፥ የመካከሉ ወደ ኋላ ለመሄድ፥ የቀኙ ለፍሬን ነው። ነዳጅ የሚሰጠው ግን በመሪው ሥር ባለ የእጅ ዘንግ ነው። በመርገጫው ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን ካልሲየም ካርባይድና ውሃ ተገናኝተው ለፊት መብራቶቹ ጋዝ የሚሰጡባት ናት።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የቤንዚኑ መያዣ ነው። የፎርድ ቲ ነጂዎች ብርቱ ዳገት ሲገጥማቸው መኪናውን አዙረው ወደ ኋላ ይወጡ እንደ ነበረ አንብበን፥ እንደ ቀልድ ቈጥረነው ነበር። መያዣውን በወንበሩ ሥር በገዛ እጃችን ስናስቀምጥ ግን ምክንያቱ ተገለጸልን። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ እንጂ በፓምፕ አይደለም። አፍንጫው ወደ ላይ ባለ ጊዜ ሞተሩ ከመያዣው ከፍ ይልና ቤንዚኑ መድረስ ያቅተዋል፤ መኪናው ሲዞር ግን መያዣው ከሞተሩ በላይ ይሆናል። በመጽሐፍ ያነበብነውን ጣታችን አስረዳን።

ስለ ቀለሙም ልንሳሳት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ፎርድ ቲ ጥቁር ነው ሲባል የኖረ ስለ ሆነ ጥቁሩን ቀለም አዘጋጅተን ነበር። ነገር ግን መኪናው በጥቁር ብቻ የተሠራው ከ1914 እስከ 1925 ዓ.ም. ነው፤ የእኛው የ1911 ሥሪት ጥቁር ሰማያዊ መሆን ነበረበት።

ከሌላው ስሕተት ግን አልዳንንም። ለመጨረስ ቸኩለን የኋላው አክስል ሳይደርቅ ጎማዎቹን ገጠምን፤ በማግሥቱ ብንመለከት መኪናው በሦስት ጎማ ቆሞ አራተኛው መሬት አልነካም። ቈርጠን፥ ጠርገን፥ እንደ ገና ጀመርን። በፋብሪካው መስመር ላይ አንዱ የሠራው ጕድለት ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል፤ ይህኛው ግን የሚያልፍበት አጥቶ ወደ ራሳችን ተመለሰ። ጎማው ቀንቶ ሲቆም የተሰማን ደስታም እንዲሁ የራሳችን ሆነ።

ሆኖም ራሳችንን ከሚገባው በላይ ማመስገን አይገባንም። ክፍሎቹን የነደፈ ሌላ፥ ፎርማውን የቀረጸ ሌላ ነው፤ እኛ የሠራነው የተዘጋጀውን መግጠም ብቻ ነው። በአገራችን በየመንደሩ ከወዳደቀ ሽቦ ሻንሲ አጥፎ፥ ከቆርኪ ጎማ አበጅቶ፥ ረጅም ሽቦ መሪ አድርጎ መኪናውን በአቧራ ላይ የሚነዳው ሕፃን በዚህ ረገድ ይበልጠናል። ንድፉም ፋብሪካውም እርሱ ነው፤ መሪው ሲዞር ጎማው ለምን እንደሚዞር የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ልጅ በመንገድ ሲያጋጥመን «ጨዋታህን ተውና ሥራ ያዝ» ከማለታችን አስቀድሞ፥ ቆም ብለን መኪናውን እንዴት እንደ ሠራው ብንጠይቀው መልካም ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያስረዳን ይችላልና።