ቀለም የቀባኋት ዚንክ

ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የጀልባ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ስለ ባሕር የማውቀው ነገር ቢኖር ጨዋማ መሆኑን ብቻ ነው። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ስሙ ባሕር ይበል እንጂ ጣና ጨው የለውም፤ ጀልባም ሞተርም ያየሁት እዚያ ነው።

ከመጀመሪያ ሥራዎቼ አንዱ የአንድ የሽርሽር ጀልባ ሆድ መቀባት ነበር። ሰው በገመድ ይዞ ውሃ ላይ የሚያንሸራትት፣ ሞተሩ ከውስጥ የተቀመጠ ጎታች ጀልባ ነው። ሆዱ ሥር፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ፣ ውሻ የጋጠው አጥንት የመሰለች ግራጫ ብረት ታስራለች። አስቀየመችኝ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁና ከሆዱ ጋር አብሬ ሰማያዊ ቀባኋት። ባለቤቱ መጥቶ አይቶ “ቆንጆ!” ብሎ ሄደ።

ከስድስት ወር በኋላ ጀልባው ተመልሶ መጣ። የነሐስ ፕሮፔለሩ ጠርዙ ተበልቶ፣ መልኩ ወደ ሮዝ ተለውጦ፣ በመዶሻ ሲነካ ይፈረፈራል። ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ጎንበስ ብለው አዩና፣

“ይችን ማነው የቀባት?” አሉ።

“እኔ ነኝ ጋሼ። አስቀያሚ ነበረች…”

“እንድታምር አይደለም እኮ የታሰረችው። እንድትበላ ነው!”

ወጪውን ጋራዡ ከኪሱ ሸፈነ። እኔ ግን ለሳምንት ያህል ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። ያቺ “እንድትበላ” የምትባል ብረት ምን እንደሆነች ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ንባቡ ከጋራዡ አውጥቶ የዛሬ 260 ዓመት ገደማ ወደነበረ የእንግሊዝ ጦር መርከብ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ መርከብ ማለት እንጨት ነው። የእንጨት ጠላት ደግሞ በሞቃት ባሕር የሚኖርና ግንድን እንደ ወንፊት የሚበሳ የባሕር ትል ነው። በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል “አላርም” የተባለችውን መርከብ ሆድ በስስ የመዳብ ቆርቆሮ አልብሶ ወደ ካሪቢያን ላካት። መዳቡ ትሉንም አረሙንም ከለከለ። ችግሩ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ከ20 ወር ገደማ በኋላ ሲፈትሿት ቆርቆሮው በብዙ ቦታ ተላቋል። መዳቡ ደህና ነው፤ መዳቡን የያዙት የብረት ሚስማሮች ግን በስብሰው አልቀዋል።

የሚገርመው ግን ጥቂት ሚስማሮች ብዙም ሳይነኩ መገኘታቸው ነው። ለምን? መዳቡ ከፋብሪካ የመጣበት ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት እዚያ ቦታ ላይ ሳይነሳ ቀርቶ በብረቱና በመዳቡ መካከል ገብቷል። አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ወረቀቱን ሳያነሳ ባይመታው ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር። በ1763 የቀረበው ሪፖርት መዳብና ብረት በባሕር ውሃ ውስጥ መነካካት የለባቸውም አለ።

ምክንያቱን ያኔ ማንም አላወቀም። ዛሬ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ይነግራችኋል፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ከገቡ ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑን ቶሎ የሚለቀው ብረት ይሟሟል፤ ሌላው ይተርፋል። ጨው አልባ ውሃ ግን ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያሳልፍ ነገሩ ቀስ ይላል። እኔ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ያላየሁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ባትሪነት ገልብጦ መድኃኒት ሊያደርገው የተነሳው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። ዴቪ በ1807 ሶዲየምን ነጥሎ ያወጣ፣ ለማዕድን ቆፋሪዎች የማያፈነዳ መብራት የሠራ፣ የዘመኑ ዝነኛ ሳይንቲስት ነው። በ1820ዎቹ መጀመሪያ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ባሕር ኃይሉ “መዳባችን ቶሎ እያለቀ ነው፤ ምን ይሻላል?” ብሎ ጠየቀው። የዴቪ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ መዳብን ከማንም በላይ ለመበላት ከሚቸኩል ብረት ጋር እሰረው፤ ባሕሩ ያንን ይበላና መዳቡን ይተወዋል። ሲሞክረው የአተር ፍሬ የምታክል ዚንክ 40 እና 50 ካሬ ኢንች መዳብ ስትጠብቅ አየ። ውጤቱን በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። እኔ ሰማያዊ የቀባኋት ብረት ቅድመ አያቷ ይህች አተር ናት።

ታዲያ ተሳካ? ተሳካ። ጣጣው የመጣው ከመሳካቱ ነው።

“ሳማራንግ” በተባለች መርከብ ላይ የብረት መከላከያ ታስሮ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄዳ በ1825 መጀመሪያ ስትመለስ መዳቡ ደህና ነበር። ነገር ግን መከላከያ የታሰረላቸውን መርከቦች ሆድ ባርናክል የሚባሉ ዛጎል ለባሽ ትንንሽ የባሕር እንስሳትና አረም ወረሩት። ለካ መዳብ አረሙን ሲከላከል የኖረው እየሟሟ፣ መርዙን ቀስ እያለ እየለቀቀ ነው። ዴቪ እንዳይሟሟ ሲያደርገው መርዙንም አቆመው። ሆዷ አረም ያበቀለ መርከብ ደግሞ አይሮጥም። በዚያው ዓመት ባሕር ኃይሉ መከላከያዎቹ ከባሕር ተጓዥ መርከቦች እንዲነሱ አዘዘ፤ ጋዜጦችም ተሳለቁበት። ዴቪ በ1829 ጄኔቫ ውስጥ ሞተ።

ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ የታሰረበት ቦታ ነው ያልሆነው። በኋላ መርከቦች ራሳቸው ከብረት ሲሠሩ፣ ለአረሙ በቀለም፣ ለዝገቱ በዚንክ መከላከል ተቻለ። ዛሬ ከግዙፍ ጫኝ መርከብ እስከ መዝናኛ ጀልባ ድረስ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ያልታሰረበት ብረት ባሕር ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ወደ ጎታቹ ጀልባ ልመለስ። እሱም እንደኔ የሐይቅ ልጅ ነው። የውሃ ላይ ሸርተቴ የተጀመረው በ1922 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሌክ ፔፒን ላይ ነው፤ የ18 ዓመቱ ራልፍ ሳሙኤልሰን ሁለት ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ በጀልባ ተጎተተ። ለዚህ ስፖርት ተብለው የተሠሩት ጀልባዎችም አብዛኞቹ የታሰቡት ለሐይቅ ነው። ሞተራቸው ራዲያተር የለውም። ከሆዱ ሥር ውሃ ስቦ፣ በብሎኩ ውስጥ አዙሮ፣ በማርሚታው በኩል ይተፋዋል። ሐይቅ ላይ ይህ ብልኃት ነው። ባሕር ላይ ግን በየኪሎው 35 ግራም ገደማ ጨው ያለበትን ውሃ በብረት ደም ሥር ውስጥ ማዞር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ጨዋማው ውሃ እዚያው ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት እየሠራ መንገዱን ይዘጋል፤ የባሕር ውሃ በቀጥታ የሚያዞሩ ሞተሮች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደንበኛ “ጀልባዬን ባሕር ላስገባ ነው” ሲለኝ የምለው ይኸው ነው። ገንዘብ ካለህ ዝግ ማቀዝቀዣ አስገጥም፤ ብሎኩ ውስጥ ኩላንት ይዞራል፣ የባሕሩ ውሃ ሙቀት ማስተላለፊያውን ነክቶ ይወጣል። ያኔም ቢሆን ጨው የሚያልፍበት የማርሚታ መስመር በየጥቂት ዓመቱ መቀየሩ አይቀርም። ከባሕር በወጣህ ቁጥር፣ በዚያው ቀን፣ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል እጠብ። ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ማጥፋት ግን ማጠብ አይባልም፤ ውሃው ብሎኩ ውስጥ በደንብ አልገባማ። የተጎታቹን ፍሬንና የጎማ ብሎኖች አትርሳ። ዚንኳ ግማሽ ስትደርስ ቀይር። ደግሞ በፈጠረህ፣ ቀለም አትቀባት!

ስለ ቀለም ካነሳን፣ የዴቪ ጣጣ እዚያም ተደግሟል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቲቢቲ የሚባል የቆርቆሮ ውህድ ያለበት የጀልባ ቀለም ተስፋፋ። አረም ባጠገቡ ድርሽ አይልም፤ ሰው ወደደው። ብዙ የመዝናኛ ጀልባ የሚቆምበት የፈረንሳዩ አርካሾን ወሽመጥ ግን ኦይስተር የሚያረቡ ሰዎች የዛጎሎቹ ቅርጽ ሲበላሽና ጫጩቶቹ ሲጠፉ አዩ። በ1982 ፈረንሳይ ቀለሙን ከ25 ሜትር ባነሱ ጀልባዎች ላይ ከለከለች። ለመርከቦች ሁሉ የሚሠራው ዓለም አቀፍ እገዳ የጸናው በ2008 ነው። የአንድ ሰው ጀልባ ሲያምር የሌላው እንጀራ ሲቋረጥ ማለት ነው።

እኔ አሁንም ሆድ እቀባለሁ። ግን ባልዲው ላይ የተጻፈውን ሳላነብ ብሩሽ አልነክርም፤ ዚንኳንም በቅድሚያ በፕላስተር እሸፍናታለሁ፣ ስጨርስ እገልጣታለሁ።

ባለፈው አንድ ደንበኛ የተበላች ዚንክ ይዞ መጣ። “ባለፈው ዓመት ነው የገጠማችሁልኝ፤ ጥራት የላትም” ብሎ ተቆጣ። ከጀልባው ሥር አጎንብሼ ፕሮፔለሩን በመዶሻ ነካሁት። እንደ ደወል ጮኸ። ጋሼ ከወዲያ ማዶ ሰምተው ሳቁ።